ጨረቃ ያከለ የኮት ቁልፍ

አክስቴ መርካቶ ውስጥ የልብስ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር ትሸጣለች። የክፍለ ሀገር ልብስ ሰፊዎች ድሮ ራሳቸው መጥተው ቁልፉን በጣታቸው እያሹ ይመርጡ ነበር፤ አሁን በቴሌግራም ካላዩ አያዙም። እሷ በስልኳ የምታነሳው ቁልፍ ደግሞ ሁሉም ዝንብ ይመስላል። የብዙ ዓመት ደንበኛዋ፣ የደሴው ኮት ሰፊ፣ «እትዬ፣ አዲስ የገባውን የኮት ቁልፍ አጥርቶ የሚያሳይ ቪዲዮ ካልላኩልኝ ከሌላ ሰው ልወስድ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ» የሚል የድምፅ መልእክት ላከላት። እንደ እሱ በብዛት ከእሷ የሚያዝ ሌላ ሰው አልቀራትም።

ስለዚህ ወደ እኔ ዞረች። ግጥም ሳነብ ራሴን የምቀርጽበት አሮጌ ካሜራ አለኝ። ቪዲዮዎቼን እስከ መጨረሻው የማያቸው እኔው ብቻ ብሆንም፣ በቤተሰቡ ዘንድ የካሜራ ሰው እባላለሁ።

የካሜራዬ ሌንስ ትንሽ ነገር ላይ ሲጠጋ ይደበዝዝበታል። ያገለገሉ የካሜራ ዕቃዎች ወደሚሸጥ ሰውዬ ሄጄ አቅሜን ነገርኩት። መጀመሪያ በካሜራውና በሌንሱ መሀል የሚገባ ቀለበት አወጣ። ሌንሱን ከካሜራው ትንሽ ያርቀዋል፤ በዚያ ብቻ ከቅርብ ማየት ይችላል።

«ውስጡ ምን አለ?» አልኩት።

«ምንም።»

ውስጡ ባዶ ለሆነ ነገር ገንዘብ አላወጣም አልኩ። ስለ ባዶነት ስንት ግጥም እንደጻፍኩ ትዝ ያለኝ ከርሜ ነው።

ቀጥሎ ሁለት አሮጌ የማክሮ ሌንሶች ደረደረልኝ። ረጅሙ ራቅ ብሎ ትንሽ ነገር ያጎላል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። አጭሩ ርካሽ ነው።

«አጭሩ አፍንጫውን ዕቃው ላይ ካልደቀነ አያጎላልህም፤ ብርሃንም ይጋርድብሃል» አለኝ።

«ገጣሚ መጠጋት አይፈራም።»

ሰውዬው አጭሩን በፌስታል ጠቀለለልኝ። እንዲህ እያወራ ዋጋ የሚያስቀንስ ሰው እንደሌለ ያውቃል መሰለኝ።

አክስቴ ሱቅ ውስጥ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አድርጌ ሌንሱን ሳስጠጋ፣ የሌንሱ ጥላ ቁልፉን ዋጠው። ወደ በሩ ወጣንና ቁልፉን ደፉ ላይ አድርጌ አጎነበስኩ። እዚያ ብርሃን ሞልቷል፤ ተሸካሚም ሞልቷል። ፎከሱ፣ ማለትም ጥርት ብሎ የሚታይበት ርቀት፣ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ፣ ሰው ገፋ ባደረገኝ ቁጥር ቁልፉ ከፊቴ ይጠፋል።

«ምን ወድቆበት ነው?» አለ ወደ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ተሸክሞ የሚያልፍ አንዱ።

«አእምሮው» አለው ከኋላው ያለው።

አክስቴን «እጅሽን አንሺልኝ፣ ምስሉን ያበላሻል» እያልኩ እንደምንም ቀረጽኩ። ቁልፉ ስክሪኑን ሞልቶ፣ ቀዳዳዎቹ እንደ ጉድጓድ ጠቁረው፣ ጨረቃ አከለ። ልቤ ሞቀ። ስለ ጨረቃ ሁለት ስንኝ በድምፄ ጨመርኩበትና ላክነው።

መልሱ ወዲያው መጣ። «እትዬ፣ ሳህኑ ያምራል። እኔ የጠየቅሁት ግን ቁልፍ ነበር። ደግሞ ያ የሚያለቅሰው ሰው ምን ሆኖ ነው?»

አክስቴ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ቁልፉን ወደ ካርቶኑ ልትመልሰው አነሳችው። ካሜራው አልጠፋም ነበርና ስክሪኑ ላይ አየኋት፦ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል የተያዘው ነገር ጨረቃም ሳህንም አይደለም፤ ቁልፍ ነው። መጠኑም ታወቀ።

«እዚያው ያዢው» አልኳት።

«እጅሽን አንሺ ስትለኝ አልነበር? ደግሞ ጣቴ ተሰነጣጥቋል፣ ምን ያደርጋል?»

«ያስፈልገናል።»

የኮት ጨርቅ ቁራጭ ከሥሩ ዘረጋች። እኔ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ አልኩ። ለካ ርካሹም ሌንስ ገለል ሲሉለት ጥላ አይጥልም።

«ትንፋሽህን ዋጥ፤ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። ግጥሜንም አብሬ ዋጥኩ።

ላክነው። ሁለታችንም ስልኩን እንደ ሕመምተኛ ከበን ቆየን።

«አሁን ገባኝ፤ የኮት ነው» አለ የኮት ሰፊው ድምፅ። «ጀርባውንም እስቲ ያሳዩኝ።»

ቀኑን ሙሉ ስለ ቁልፍ ፊት ስጨነቅ ውዬ፣ ጀርባ እንዳለው አስቤ አላውቅም።

«አላመነንም» አልኩ።

«የማይገዛ ሰው ጀርባ አይጠይቅም» አለችና ቁልፉን በጣቶቿ ገለበጠችው። እኔም ሳትነግረኝ ትንፋሼን ያዝኩ።