አራት ሚሊሜትር ጸበል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከደሴ የመጡት አለቃዬ፣ ብልባላ ከተማ ባለው ቤቴ ጓሮ፣ ዛፍም ጣሪያም የማይጋርደው ቦታ መርጠው የዝናብ መለኪያውን ተከሉ። የመስታወት መስፈሪያውንና መዝገቡን አስረከቡኝና፣ «በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ትለካለህ» አሉኝ። «ካልዘነበ ዜሮ ትጽፋለህ። ባዶ ከተውከው ግን አላየሁም ማለት ነው።»

«ጌታዬ፣ ላልዘነበው ሁሉ ቀለም ልጨርስ ነው?» አልኳቸው። ፈገግም አላሉ።

ባለቤቴ የሺ ሥራዬን አትወደውም ነበር። «ጠዋት ተነስተህ መጀመሪያ እንዴት አደርክ የምትለው ቆርቆሮውን ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

«ሙጃ እናቴ ዘንድ ሄደን አንድ ሌሊት እንኳ እንደር» ስትለኝ፣ «ሦስት ሰዓቱስ?» እላለሁ። ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ትመለሳለች።

አንድ ዓመት ክረምቱ ዘገየ። ሐምሌ ገብቶም መዝገቤ ዜሮ በዜሮ ሆነ። ገበያ ላይ፣ «ይኼ ሰውዬ ነው ዜሮ እየጻፈ ሰማዩን ያስኮረፈው» ተባልኩ። እኔ ሳቅሁ፤ የሺ ግን አንጀቷ አረረ።

ከዚያ በአንዱ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ መሬቱ አቧራ ሆኖ፣ መለኪያው ውስጥ አራት ሚሊሜትር ውሃ አገኘሁ። ወይ ጉድ! ዞር ስል የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ነአኩቶ ለአብ ሄጄ ያመጣሁት ጸበል ነው» አለች። «ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው። ዕቃው ስንት ቀን ባዶውን ሲያድር አሳዘነኝ።»

«ዝናብ እኮ አይደለም፣ የሺ።»

«እና ልትደፋው ነው?»

እንዴት ብዬ ልድፋው! በመስፈሪያው ተካፍለን ጠጣነው። መዝገቡ ላይ ግን ዜሮ ጻፍኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጸበሉንም ዜሮ አልከው!» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲዘንብ ጸበሉ ነው አለች። እኔም አልተከራከርኳት።

ሙጃ አብሬያት የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከእናቴ አጠገብ ቅበሩኝ ብላ ነበርና ሬሳዋን ይዘን ሄድን። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሙጃ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የዚያን ቀን ቦታ ባዶ ተውኩት።

የወሩ ወረቀት ሲደርሳቸው አለቃዬ ደወሉ። «አንተ እኮ ባዶ ትተህ አታውቅም። ይህቺ ቀን ምን ሆና ነው?»

«ሙጃ ነበርኩ፣ ጌታዬ። ከባለቤቴ ጋር።»

«እሰይ! እንኳን አብረሃት ሄድክ» አሉ፤ ማረፏን አልሰሙም ነበርና። «ደህና ናት?»



ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በጓሮዬ አውቶማቲክ ጣቢያ ተተክሎ ልኩን ራሱ ይልካል። ሦስት ሰዓት ሲል እግሬ አሁንም ወደዚያ ይወስደኛል፤ በሩን ዞር ብዬ አያለሁ። የሺ ትናፍቀኛለች።

በሥራው ላይ ላላችሁ ዝናብ ለኪዎች የምላችሁ አንድ ነገር ነው። አለካኩን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ ለአንድ ጎረቤት አስተምሩ። አንብቦ መጻፍ ነው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም።