በሕግ አምላክ የቆመው ጨዋታ

ይግዛው በስማዳ፣ ከወገዳ ገበያ ወረድ ብሎ ባለ መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር። ቁመቱ የተለየ ነው። ጎረቤት ቤት ሲከድን መሰላል ከመፈለግ እሱን ይጠራል፤ በሬ የጠፋበትም «እስቲ ይግዛው፣ ቆመህ እይልኝ» ይለዋል። ባለቤቱ አዛለች አጭር ናትና ልትቆጣው ስትፈልግ መጀመሪያ «ተቀመጥ!» ትለዋለች፤ ቁጣው የሚጀምረው እሱ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ገብሱ ለአጨዳ ሊደርስ ሲል፣ ከጋይንት አውራጃ ከተማ ከንፋስ መውጫ ትእዛዝ መጣ። አገር ወክሎ የሚጫወት የቅርጫት ኳስ ቡድን ሊመረጥ ስለሆነ ጎንደር ላይ የግብዣ ውድድር ይደረጋል፤ ከየአውራጃው ረዣዥም ሰዎች ይላኩ ተባለ። ጨዋታውን አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው የገባው «ግብዣ» የምትለው ቃል ብቻ ናት።

«ሂድ እንጂ» አለችው አዛለች። «ተጋብዞ የሚቀር ሰው አለ?»

ረዣዥሞቹ ተለቅመው ሲያበቁ አለቃ አስፈለጋቸው። የአውራጃው ገዢ «ውድድር ካለ ክርክር አይጠፋም» ብለው አቶ ሀይሉን ሾሙባቸው። ሀይሉ በጋይንት ምድር ስሙ የገነነ ነገረ ፈጅ ነው፤ ኳስ በእጁ ነክቶ አያውቅም፣ በክርክር ግን ተረትቶ አያውቅም።

እስከ ደብረ ታቦር በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሄደው ጎንደር ገቡ። የጠበቃቸው ድግስ ሳይሆን በሁለቱ ጫፍ ምሰሶ የቆመበት ሜዳ ሆነ። የጨዋታው ዳኛ መምህር ዳኛቸው የሚባል አስተማሪ ነው። ሕጉን ሲያስረዳ ይግዛው አቋረጠው።

«ኳሷ የማን ናት?»

«የሁላችሁም።»

«የጋራ ከሆነች ታዲያ ምን ያናጥቀናል?»

መምህሩ ፊሽካውን ነፋ።

የመጀመሪያ ተጋጣሚዎቻቸው የከተማ ተማሪዎች ነበሩ፤ እንደ ወፍ ይበራሉ። አንዱ ኳስ ይዞ እየሮጠ ሲመጣበት ይግዛው «እለፍ ወንድሜ» እያለ መንገድ ይለቅለታል። ነገሩ ውርደት እየሆነ ሲሄድ፣ ዳር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠው ሀይሉ ብድግ ብሎ ጮኸ።

«በሕግ አምላክ!»

በዚያ ዘመን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ሌባም ቢሆን፣ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ተማሪዎቹ አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ደረቁ። የዳኛቸው ፊሽካ ከንፈሩ ላይ ቀረ። ተመልካቹም ያጋጠመውን መዳፍ ሳያላቅቅ ቆመ።

«አያ ሀይሉ፣ እኔም ልቁም?» አለ ይግዛው።

«አንተማ ከሳሽ ነህ፤ ሂድ!»

ይግዛው «ይቅርታ» ብሎ ኳሷን ከልጁ እጅ ተቀበለ፤ ቀስ ብሎ ተራመደ፤ በእግሩ ጣቶች ቆም ብሎ ቅርጫቱ ውስጥ አኖራት።

ተማሪዎቹ አቤት አሉ። ዳኛቸው ብዙ ካሰበ በኋላ «በሕግ አምላክ ተብሎ መንቀሳቀስ ይቻላል ብዬ ብፈርድ፣ ነገ በየመንገዱ ማን ይቆማል?» ብሎ ግቧን አጸደቀ። ጋይንቶች በዚሁ ዘዴ ለፍጻሜ ደረሱ።

በፍጻሜው ግን ሌሎቹም ተምረዋል። ኳሷ ወደ ላይ እንደተወረወረች ከሁለቱም ወገን «በሕግ አምላክ!» ተባለ፤ ሁሉም ባለበት ቀረ። ኳሷ ብቻዋን ነጥራ ነጥራ፣ ተጫዋች ሊመርጥ ከአዲስ አበባ ከመጣው ፈረንጅ አሰልጣኝ እግር ሥር ደረሰች። አማርኛ የማይሰማው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አነሣት።

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንድ ፖሊስ መጣና «በሕግ አምላክ ተብሎ ተንቀሳቅሷል» ብሎ ያዘው። ዋስ ጥራ ቢባል ፈረንጁ በከተማው ማንን ያውቃል? ሁኔታው የይግዛውን አንጀት በላው።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለ። «በቀጠሮው ባይቀርብ እኔን እሰሩ።»

የተለቀቀው ፈረንጅ የይግዛውን እጅ ጨብጦ፣ በዳኛቸው አስተርጓሚነት፣ ለሚመረጠው የአገር ቡድን እንዲጫወት ለመነው።

«ከማን ጋር ነው ግጥሚያው?»

«ከውጭ አገር ሰዎች ጋር።»

«በሕግ አምላክ ሲባሉ ይቆማሉ?»

«አይቆሙም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። ሕግ ከማይፈራ ሰው ጋር ምን አጋፋኝ? እርስዎም ይጠንቀቁ።»

ሀይሉ ስለ ፍጻሜው ይግባኝ ሊል ጎንደር ቀረ። ይግዛው ወደ ገብሱ ተመለሰ። አዛለች ለማያውቀው ፈረንጅ ዋስ መሆኑን ስትሰማ «አንተ ከታሰርክ ማን ሊያበራይልኝ ነው?» ብላ አለቀሰች። እሱም በልቡ ፈርቶ ነበር።

ቀጠሮው ሲቃረብ ፈረንጁ በበቅሎ፣ ፊቱ በፀሐይ ተልጦ፣ አውድማው ዳር ከተፍ አለ። ዋሱ ይቀርብኛል ብሎ እንዳይሠጋ አብሮት ሊሄድ ነው የመጣው። ውቂያው ገና ስለነበር መጀመሪያ መንሽ አስያዙት፤ ገለባ ሲበትን ሰነበተ። ከዚያ ተያይዘው ጎንደር ወረዱ። የፍርድ ቤቱ ዳኛም «ለወደፊቱ ሲባሉ ይቁሙ» ብለው አሰናበቱት።

ይግዛው ብቻውን ሲመለስ አዛለች «ደግ ሰው ነበር» አለች። «ግን ገለባውን ሁሉ ፍሬው ላይ ነው የበተነው።»

ሁለቱም እየሳቁ እንደገና ማዝራት ጀመሩ።