ጋዜጣን ከባለቤቱ ስም የሚጀምሩት ሰው

አጎቴ ከተቀበሩ ሳምንት ሆናቸው። እስካሁን አላለቀስኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ፣ ጋዜጣ የሚከራይበት ኪዮስክ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ የሚያነቡት ትልቁን ርዕስ ሳይሆን፣ ባለቤቱና አሳታሚው በደቃቅ ፊደል የተጻፉበትን ጥግ ነው። "የማን እንደሆነ ልወቅ፤ ወሬው አይሸሽም" ይላሉ። ትናንት በዚያ ሳልፍ ቦታቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ የስፖርቱን ገጽ ያነብ ነበር።

አስረኛ ክፍል እያለሁ፣ "ጋሼ፣ ሁለት ጋዜጣ ከጻፈውማ እውነት ነው" ብዬ ተከራከርኳቸው። ሁለቱንም ተቀብለው ጥጉን አሳዩኝ። የጋዜጦቹ ስም ይለያያል፤ አሳታሚያቸው ግን አንድ ድርጅት ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ጉኑኖ ሄጄ ለመሬት ሽምግልና ስቀመጥ፣ አንዱ ሰውዬ ኮት ቀይሮ ቢመለስ ሁለት ምስክር ብዬ ልቁጠረው?" አሉኝ።

ኋላ አንድ ሰው ብዙ ጋዜጣ እንዳይጠቀልል የሚከለክል አዋጅ ወጣ ሲባል፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ እየሮጥኩ ነገርኳቸው።

"ደግ ነው። የመንግሥትን ጋዜጦችስ ማን ይቆጥርልናል?" አሉና ወደ ጥጋቸው ተመለሱ።

በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። አንባቢው ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀብዬ፣ እሳቸው እንዳስለመዱኝ ግርጌውን አየሁ። የጸሐፊ ስም የለውም።

የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።