የጋራ መስመር

አስያ በርበሬ በረንዳ በሚባለው የገበያ ሰፈር በርበሬ የምትነግድ የወሎ ሴት ነበረች። በደርግ ጊዜ ገበያውን ለማወቅ ብቻ አውቶቡስ ተሳፍራ ቡታጅራ ድረስ ትሄድ፣ አንዳንዴም ባዶ እጇን ትመለስ ነበር። የሱቅ ጎረቤቷ፣ እንደሷ የበርበሬ ነጋዴ የሆኑት ጋሼ ሙህዲን ስልክ ሲያስገቡ ግን ወጪውን ተጋርታ፣ ከዚያው መስመር ሽቦ አስቀጥላ በሱቋ ሁለተኛ ስልክ አስተከለች። ባሏ ሲሞት ቀብሩን ያስፈጸሙላት እሳቸው ስለነበሩ እንደ አባት ነበር የምታያቸው።

ስልኩ ሥራዋን አቀለለላት። የቡታጅራ ደንበኛዋ ጠሀ በርበሬ መግባቱን ሲነግራት ብቻ መኪና ትልካለች፤ የመንገዱም የአዳሩም ወጪ ቀረላት።

አንድ ቀን የላከችው መኪና ባዶውን ተመለሰ። ደውላ ጠሀን ጠየቀችው።

"የጋሼ ሙህዲን መኪና ቀድሞ መጣ። ሾፌሩ አስያ ናት የላከችኝ ስላለ ጫንኩለት" አላት።

በዚህ መሃል አስያ በስልኩ ውስጥ የሬዲዮ ድምፅ ሰማች። እሷ ሬዲዮ የላትም። በሱቃቸው ሬዲዮ ከፍተው የሚውሉት ጋሼ ሙህዲን ናቸው።

ስልኩን ዘግታ ወደ ሱቃቸው ሄደች።

"ጋሼ፣ ሳወራ ያዳምጡኛል?"

"መስመሩ የጋራችን አይደል እንዴ?" አሉ ቀና ሳይሉ። "የራሴን ስልክ ማንሳት ምን ነውር አለው?"

"እኔ ስለ ስልኩ አይደለም የጠየቅኩዎት" አለች።

በማግስቱ ሽቦውን አስነቅላ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰች። ወጪው ስለበዛባት በርበሬዋ ተወደደ፤ ገዢም ሸሻት። ሰዎች ታረቂ ብለው ሲለምኗት፣ "ሌላ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ የሚቆጨኝ በርበሬው ብቻ ነበር" ትላቸዋለች።