ቁልፉን ለወንድሜ ያልሰጠሁበት ቀን

ሚዛን ተፈሪ ያለችው ፋርማሲዬ አንድ በር ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ከመደርደሪያው በላይ የሙያ ፈቃዴ በመስታወት ተሸፍኖ ተሰቅሏል። አባቴ በሕይወት ሳለ ገበያ በወጣ ቁጥር ከሰፈሩ ሁለት ሦስት ሰው አስከትሎ ይመጣና ያንን ወረቀት ያስጎበኛቸው ነበር። ማንበብ አይችልም። ዕድሜውን በሙሉ ቡና ሲያለማ የኖረ ሰው ነው፤ አማርኛውም የገበያ አማርኛ ነው። ግን ከስሜ ቀጥሎ የእሱ ስም የት ጋ እንደተጻፈ አንዴ ካሳየሁት በኋላ አልረሳውም። ጣቱን መስታወቱ ላይ ያሳርፍና «ይኼ እኔ ነኝ» ይላቸዋል። እሱ ጣቱን ሲያሳርፍ፣ እኔ መስታወቱን ስወለውል ዓመታት አለፉ። አንዳንዴ ፋርማሲስት የሆነው ከእኔ ይልቅ እሱ ይመስለኝ ነበር።

ያ ወረቀት መሸጥ የሚፈቅደው ለእኔ ብቻ ስለሆነ የፋርማሲዬ በር አንድ ጊዜ ታሽጓል።

ጎረቤታችን ሞተው ለቀብር ስወጣ ሱቁን ለታናሽ ወንድሜ ትቼለት ሄድኩ። ወንድሜ ጎበዝ ነው፤ የእያንዳንዱን መድኃኒት ካርቶን በቀለሙ ያውቀዋል። «የራስ ምታት ብቻ ሽጥ» አልኩት። እሱ ግን ሰው መመለስ አይችልበትም፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነበር። ከቀብር ስመለስ በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ወንድሜ ደረጃው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከጎኑ የጤና ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ቆሟል።

ደሜ ፈላ። «ቀብር ሄጄ እኮ ነው! እርስዎ ሰው አይሞትብዎትም?» አልኩት።

«ለቅሶ መድረስ ደግ ነው» አለ ረጋ ብሎ። «ሲሄዱ ግን ይዝጉ።»

ከዚያ ከኪሱ አንድ የመድኃኒት ፓኬት አውጥቶ አሳየኝ። ከሸኮ ከመጣች እናት እጅ እዚያው በሩ ላይ የተቀበላት ነው፤ እናትየዋን ወደ ሌላ ፋርማሲ ልኳታል። ማንበብ ለማይችል ሰው ፓኬቱ ላይ ጭረት እናሰምራለን፤ በቀን አንዴ ከሆነ አንድ፣ ሦስቴ ከሆነ ሦስት። ወንድሜ ሦስት ጭረት አስምሯል። መድኃኒቱ በቀን አንዴ ብቻ የሚወሰድ ነው። የታመመው የአራት ዓመት ልጅ ነበር።

ፋርማሲው ለአንድ ወር ተዘጋ። በዚያ ወር ንዴቴ እየቀነሰ፣ ኀፍረቴ እየጨመረ ሄደ።

ተቆጣጣሪን ማማት የሙያ ጓደኞቼ ሱስ ነው፤ እኔም ከማንም አላንስም። ተቆጣጣሪዎች መደርደሪያሽ ከግድግዳው አልራቀም፣ ይኼኛው ቅጽ አልተሞላም፣ ያኛው ማኅተም ደብዝዟል እያሉ ነፍስ ያወጣሉ። ከዚያች ፓኬት ወዲህ ግን አንድ ነገር ለራሴ ምዬአለሁ፤ እኔ ከሌለሁ በሩ ዝግ ነው። ለዚህም ብዬ ከለቅሶ ቤት ቶሎ እነሳለሁ። በእኛ ከተማ ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሰዓቱን ያየ ሰው ስሙ አለቀ። አባቴ ሐሜቱን ሲሰማ «ግድግዳው ላይ ያለው ስም የእኔም ነው፤ ተዋት» ይል ነበር።

ባለፈው ክረምት አባቴ አረፈ። እኔ ጋ ሆኖ ሲታከም ስለነበር ድንኳኑ በደጄ ተተከለ፤ ከፋርማሲው አምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። በሩን ዘግቼ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ።

በሁለተኛው ቀን፣ ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ የማላውቀው ሰው ገባ። ደንቡ እንደሚያዘው አልቅሶ ተቀመጠ። ማን እንደሞተ እንኳ አያውቅም ነበር። ንፍሮ ቢሰጡት አልቀመሰም፤ መዳፉ ውስጥ አንድ ነገር ያገላብጣል። ብልጭ ሲል አወቅኩት። ባዶ የኢንሱሊን ጠርሙስ ነው።

ጠቅሼ አስጠጋሁት።

«ዶክተር፣ አትቀየሚኝ» አለ። ዶክተር አይደለሁም ብል የሚሰማኝ ስለሌለ ትቼዋለሁ። «ከማጂ ነው የመጣነው። የልጄ መድኃኒት ትናንት ጠዋት አለቀ። ከተማውን ሁሉ ዞርኩ፣ ሆስፒታሉ ጋም የለም። አንቺ ጋ አለ አሉኝ፤ ብሄድ ዝግ ነው። ልጅቱ እዚሁ ዘመድ ቤት ተኝታለች። ከሌሊት ጀምሮ ውኃ ውኃ ትላለች።» ልጅቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ብድግ ልል ስል አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ነጠላዬን ያዘችኝ። «የት? የወንድሜ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ሱቅ ልትከፍቺ? ሰው ምን ይላል!»

«ቁልፉን ስጪኝ» አለ ወንድሜ። «ፍሪጁ ውስጥ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

ፍሪጁን ያውቀዋል። ፍሪጁ ውስጥ ግን ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን አለ፤ ጠርሙሳቸው እኩል ነው፤ አንዱ ቶሎ፣ ሌላው ቀስ ብሎ የሚሠራ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ወንድሟ ይሂድ» ይላል። ቁልፉን ልስጠው ስል እነዚያ ሦስት ጭረቶች ታዩኝ። ብሄድ የአባቷ ሐዘን ሳይወጣ ሱቅ የከፈተች እባላለሁ፤ እዚህ ከተማ ይህ ስም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ብቀመጥ ልጅቱ።

ያኔ ከእድሩ ሰዎች መሃል ተቆጣጣሪው ተነሣ። የእድራችን አባል ነውና ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበር። ኮፍያውን አወለቀና በቢሮ ድምፁ ተናገረ።

«ስሙኝ። ሌላ ሰው ቢከፍት አሽጋለሁ። ለሕመምተኛ ደግሞ ለቅሶ ላይም ብትሆን ራሷ እንድትከፍት መመሪያው ያስገድዳታል። እምቢ ካለች ፈቃዷን እነጥቃለሁ።»

ድንኳኑ ታመሰ። «አንተ ሰው፣ ልብ የለህም? በለቅሶ ቤት!» ብላ አክስቴ ጮኸችበት። የእድሩ ዳኛ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ የመንግሥት ትእዛዝ ከሆነ ምን ይደረጋል። ሂጂ ልጄ» አሉኝ።

ሄድኩ። በጥቁር ልብሴ ላይ ነጩን ጋውን ደረብኩ። ሰውየው የያዘውን የሐኪም ወረቀትና ባዶውን ጠርሙስ አመሳከርኩ፤ የሚያስፈልጋት ቀስ ብሎ የሚሠራው ነበር። በፔርሙስ ቀዝቃዛ ውኃ አድርጌ፣ አዲሱን ጠርሙስ በላስቲክ ጠቅልዬ ከተትኩለት። ካርቶኑ ላይ ሁለት ጭረት አሰመርኩ፣ የጠዋትና የማታ። «አሁኑኑ ትወጋ፤ ከዚያ ሆስፒታል ወስደህ ስኳሯን አስለካ» አልኩት። በዝናቡ ውስጥ ሮጠ።

ብቻዬን ስቀር ቀና አልኩ። መስታወቱ ላይ፣ ከስሜ ቀጥሎ፣ የአባቴ ጣት አሻራ እንዳለ ነው፤ ከታመመ ወዲህ አልወለወልኩትም ነበር። ያኔ ነው ከልቤ ያለቀስኩት። ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ በዚያ ልቅሶ ውስጥ ኩራት ነበረበት። ስሙን አላዋረድኩትም።

ስመለስ ተቆጣጣሪው እዚያው ተቀምጦ ንፍሮውን ይቅማል። ግራና ቀኙ ያሉት ሰዎች ሸሽተውታል፤ አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ለቁጥጥር መጣ። የፍሪጁ የሙቀት መዝገብ ሁለት ቀን አልተሞላም ብሎ በጽሑፍ አስጠነቀቀኝ። የጎደሉት የለቅሶው አንደኛና ሦስተኛ ቀን ናቸው። ሁለተኛውን ሞልቼው ነበር። ፈረምኩ። የማጂው ሰውም ልጁን ይዟት መጥቶ ነበር፤ ወፍራም የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ስም ከነአባቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

አክስቴ እስከ ዛሬ ያንን ሰው መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላም አትለውም። እሱም አንድም ቀን አላስተባበለም። እኔ ግን መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በለቅሶ ቀን ክፈቺ የሚል አንቀጽ የለበትም። ይህን የጻፍኩት ለአክስቴ እንዲነበብላት ነው።