የአጥንቱ ጸሎት ቤትና የወንድሜ ጥርስ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ ኦክላንድ እየኖርኩ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በረዳትነት እሠራ ነበር። የሰው ጥርስ ባየሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልረሳው ብፈልግም አልችልም።

እናቴን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ሮም ድረስ ሄጄ ተቀበልኳት። ብቻዋን አውሮፕላን መቀየር ያስቸግራታል ብዬ ነው። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የምንበርበት ቀን ጠዋት «መንገድ ከመጀመሬ በፊት ቤተ ክርስቲያን ልሳለም» አለችኝ። ካረፍንበት ቤት አጠገብ ወዳለው ይዣት ሄድኩ። ምን ዓይነት እንደሆነ አላጣራሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

እማዬ በሩን ተሳልማ ጫማዋን አወለቀች። ምድር ቤት ስንወርድ ግድግዳው በሙሉ የሰው አጥንት ነው። የራስ ቅል በራስ ቅል ላይ ተደርድሯል፤ የጣሪያው የአበባ ጌጥ እንኳ ከአጥንት የተሠራ ነው። የጥንት መነኮሳት አጽም እንደሆነ ተጽፏል።

ክው አልኩ። ያስደነገጠኝ አጥንቱ አይደለም። ወንድሜን በሽብሩ ጊዜ ከቤት ከወሰዱት ሰባት ዓመት ሆኖ ነበር። የት እንደወደቀ የነገረን የለም። እማዬም «ሳላየው አላለቅስም» ብላ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ጥቁርም አልለበሰችም። እና እኔ የት አመጣኋት!

«እማዬ፣ እንውጣ። ፍላይቱን ሚስ እናደርጋለን» አልኳት።

አልሰማችኝም። ጎንበስ እያለች የራስ ቅሎቹን ጥርስ አንድ በአንድ ታያለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ወንድሜ በልጅነቱ የለስላሳ ቆርኪ በጥርሱ ሲከፍት የላይኛው የፊት ጥርሱ ተሸርፎ ነበር።

«እማዬ፣ እነዚህ እኮ ድሮ የሞቱ የፈረንጅ መነኮሳት ናቸው።»

«የማላውቅ መሰለሽ?» አለች ቀና ሳትል። «ዓይኔን እያለማመድኩት ነው። አንድ ቀን አጽም ተገኝቷል፣ ኑና ለዩ ቢሉን ደንግጬ እንዳላልፈው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጥርስ አይበሰብስም አይደል? ሥራሽ ነው፣ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ቶሎ አይበሰብስም» አልኳት። እሷ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን ጎብኚው ሁሉ እያየኝ ተንሰቀሰቅኩ።

ሥራ በተመለስኩ ቀን ከክሊኒኩ አንድ ባዶ ቻርት ወሰድኩ። ሠላሳ ሁለቱም ጥርስ የተሳለበት፣ ለየታካሚው የምንሞላው ወረቀት ነው። የወንድሜን ስም ጻፍኩበት። ቤት ስገባ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ የቱ ጥርስ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደተሸረፈ በጣቷ እያሳየች አስሞላችኝ። በግራ በኩል ይመስለኝ ነበር። «አብረሽው አድገሽ! በቀኝ ነው እንጂ» ብላ ተቆጣችኝ። ስሰርዝና ሳስተካክል፣ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። ወረቀቱን አጣጥፋ ዳዊቷ ውስጥ አስቀመጠችው።

እማዬ ካረፈች ቆየች። ያን ቀን ከዚያ ቤት ላስወጣት መቸኮሌ ዛሬም ያሳፍረኛል። ዳዊቱም ወረቀቱም አሁን እኔ ዘንድ ናቸው። ኑና ለዩ ያለን እስካሁን የለም። ካሉን ግን አላልፈውም፤ የላይኛው ነው፣ በቀኝ በኩል።