እሾህ የማይበሳው ጎማ ፍለጋ፤ ከሰባታሚት እስከ ዘጌ

ቅዳሜ ማለዳ ከሰባታሚት የወጣሁት ለሽርሽር አይደለም። የሳይክል ጎማ ልገዛ ነው። በዚህ ወር ሥራ ቦታዬ ሦስት ጊዜ አርፍጃለሁ። የፈረቃ ኃላፊዬ አንድ ጊዜ ብደግመው ወደ ሌሊት ፈረቃ እንደሚያዛውረኝ ፊት ለፊት ነግሮኛል። ባለቤቴ ሰብለ ነርስ ናት፤ ሌሊት የምትሠራው እሷ ናት። እኔም ሌሊት ከገባሁ ሁለቱን ልጆቻችንን የሚያሳድር ሰው የለም፤ በዚህ ከተማ ዘመድ የለንም።

ሁለታችንም የምንነዳው በአንድ ቀን የገዛናቸውን፣ ልካቸው አንድ የሆነ ያገለገሉ ኮርሳ ሳይክሎች ነው፤ ጎማቸው አውራ ጣት ያክላል። ከሰፈራችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ደግሞ ኮረኮንች ነው፤ ገበሬዎች ለአጥር የቆረጡትን የግራር ቅርንጫፍ እየጎተቱ ስለሚያልፉበት እሾህ ጠፍቶበት አያውቅም። ሰብለ ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ተስማምታ ገና ሳይነጋ ከሆስፒታል ትወጣለች፤ እሷ ቤት ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ልጆቹን እንደ ዱላ ቅብብል ነው የምንቀባበላቸው። ካረፈድኩባቸው ሦስት ቀኖች ሁለቱን እሾህ አመጣብኝ፤ አንዱን ቀን ደግሞ ሰብለ ታካሚ በዝቶባት ዘገየች። የዛሬ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ገባችና፣ ጎማ ሳልይዝ እንዳልመለስ አስጠንቅቃኝ ጋደም አለች።

ፋሲሎ

ከተማ መሀል፣ ፋሲሎ የገባሁበት ሱቅ ባለቤት ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ሦስት ዓይነት ጎማ አወረደልኝ። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ በጣቴ ስጫነው እንደ ጨርቅ ታጠፈ። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ ልቤ ወደደው፤ ሳይክሌ ላይ ስንለካው ግን በፍሬኑ መሀል አላልፍ አለ። ለካ ወፍራም ሁሉ አይበጅም፤ ኮርሳ የሚቀበለው በልኩ ነው። ሦስተኛው ቀጭን ሆኖ፣ መንገዱን ከሚነካው ላስቲክ ሥር ጠንካራ ድርብ አለው። እሾህ እዚያ ድረስ ገብቶ ይቆማል አለኝ። ለአንዱ ሦስት ሺህ ብር ጠራ። በኪሴ ያለው ለአንድ ብቻ ይበቃል። አንድ ብቻ የምገዛ ከሆነ ለኋላው እንዳደርገው መከረኝ፤ ክብደት የሚሸከመው እሱ ነውና።

ሁለት ጎማ ይዤ አንዱን ብቻ መቀየር አላስደሰተኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዘጌ ያሉ መሪጌታ ለውድድር ይጋልብ የነበረ ልጃቸው ትቶላቸው የሄደውን ሁለት ድርብ ጎማ፣ በአንዱ ዋጋ ሁለቱንም እንደሚሸጡ ነግሮኝ ነበር። ስልካቸው ላይ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም። ጉልበቴ ቅር እያለው ወደ ዘጌ አቀናሁ።

የሐይቁ ዳር መንገድ

ከከተማ ስወጣ ፀሐይዋ ከረር ብላለች። በቀኝ በኩል ጣና አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል፤ ደንገል የጫነች ታንኳ ከዳር ቆማለች። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ አያለሁ፤ ዛሬ ዓይኔ ከመንገዱ አልተነሳም። እሾህ ፈላጊ ሰው መልክዓ ምድር አያይም። አንዲት ሴትዮ ዓሣ የምትጠብስበት ዳስ ጋ ወርጄ አንድ ቆሮሶ በላሁ። ዋጋው ካለፈው ዓመት በእጥፍ ጨምሯል፤ ዓሣው ግን አንሷል።

ከዚያ በኋላ ነጠላ የለበሰ ሰው በዛብኝ። በቡድን በቡድን ሆነው ይመለሳሉ። ለቅሶ ያለ መሰለኝና እንዲያውም ፍጥነቴን ቀንሼ አንገቴን ደፋሁላቸው። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው አዩኝ።

ዘጌ

መሪጌታን ያገኘኋቸው በቡናው ጥላ ሥር፣ ደጃፋቸው ላይ ነው። ነጭ ጥምጥማቸውን እንኳ አላወለቁም። የመጣሁበትን ስነግራቸው ባለቤታቸው ዳቦና ጠላ አቀረቡልኝ፤ እሳቸውም ጎማዎቹን ከጓዳ አወጡ። ጥላ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው ስለኖሩ አንድም ስንጥቅ የለባቸውም። ተጫንኳቸው፤ ድርቡ ጠንካራ ነው። ልክ ናቸው። ደስ ብሎኝ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ።

«ተው ልጄ፣» አሉኝ፤ «ዛሬ እኮ አሥራ ስድስት ነው። በኪዳነ ምሕረት ቀን ብር አልይዝም፤ በዱቤም ቢሆን ሽያጭ ሽያጭ ነው።»

ያን ጊዜ ነጠላ ለባሾቹ ትዝ አሉኝና አፈርኩ። ፋብሪካ ከገባሁ ወዲህ ቀን የምቆጥረው በፈረቃ ነው፤ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ማወቅ ትቻለሁ። ነገ ሰንበት ነው፤ ሰኞ ደግሞ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።

«አንድ ጊዜ ካረፈድሁ ልጆቼ ብቻቸውን ነው የሚያድሩ፣» አልኳቸው።

ጎማዎቹን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሏቸው። ሰውዬው ጨካኝ አይደሉም፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ለማንም ሳይሸጡ እንደሚያቆዩልኝ ቃል ገቡ፤ ልጆቼን በስማቸው ጠይቀው መረቁልኝ። ምርቃት ይዤ፣ ጎማ ሳልይዝ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር፤ ግን በማን እንደምናደድ አላወቅኩም።

መመለሻ

አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ የፊት ጎማዬ ተነፈሰ። የቀረችኝን አንዲት መጠገኛ ላስቲክ ለጥፌ ጉዞ ቀጠልኩ። ወገቤ ተቆርጦ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ፋሲሎ ስደርስ ባለሱቁ መዝጋት ጀምሯል፤ ሳልከራከር ያንን ባለድርብ ጎማ፣ አንዱን ብቻ ገዛሁ።

ሰባታሚት መግቢያ ላይ አንድ ጎሚስታ አለ፤ ቤቱም ሥራውም እዚያው ነው። እንዲገጥምልኝ ሰጠሁት። ጎማውን አገላብጦ አየና የማን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«የሲስተር ነው ወይስ ያንተ?»

ለምን እንደጠየቀ አልገባኝም።

«የሷን ሐሙስ ጧትም ጠግኘዋለሁ። ገና ጨለማ ነበር፤ እየገፋች መጥታ በር አንኳኳች። ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት።»

ሐሙስ ማለት ታካሚ በዝቶባት ዘገየች ያልኩት ቀን ነው። በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ጭር ባለ መንገድ፣ ባለቤቴ ብቻዋን የተነፈሰ ሳይክል ስትገፋ ታየችኝ። አትግጠመው አልኩትና ጎማውን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ከዚህ ሁሉ መንገድ የተማርኩት ይህን ነው፤ ጎማ ሲመረጥ ድርቡም፣ ልኩም፣ ዋጋውም ይታያል። ከሁሉ በፊት ግን ከቤቱ ሰው በጨለማ የሚሄደው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። እሷ በሰዓቷ ከገባች እኔ ቢተነፍስብኝም ገፍቼ እደርሳለሁ።

ሰብለ ለሌሊት ተራዋ ለባብሳ ስትወጣ የሳይክሏን የኋላ ጎማ ቀይሬ ብሎኑን እያጠበቅኩ ነበር። ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«የሚያዛውሩት አንተን አይደል? ያንተስ?»

«እኔ በብርሃን ነው የምሄድ፣» አልኳት። ከዚያ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ብነግርህ ለእኔ ትገዛው ነበራ።»